አሥር ሳምንት አፈታሪክና ተረት በኦንላይን፦ ሰባቱ ማር፣ ሦስቱ ዳገት

የካቲት 23 ቀን የመጨረሻውን ጽሑፌን ላክሁ። አሥር ሳምንት የተባለው የአፈታሪክና የፎክሎር ኮርስ አሥራ አምስት ሳምንት ፈጀብኝ። ኮርሱን ስጀምር በቴሌግራም ለብዙ ሰው ተናግሬ ስለነበር አሁን «እንዴት ነበር? ልግባበት ወይ?» የሚለኝ በዝቷል። አንድ ጊዜ ልጻፈውና ሁሉም ያንብበው ብዬ ነው። የተቋሙን ስም አልጠራም፣ ምክንያቱም ቅሬታም አለኝ። የምለው ግን ለማንኛውም ረጅም የኦንላይን ትምህርት የሚሆን ይመስለኛል፣ በተለይ ጀምሮ መሃል ላይ ለተወ ሰው።

መጀመሪያ ለምን እንደገባሁ ልንገራችሁ። ሥራዬ ጎንደር ውስጥ አስጎብኚነት ነው። ፋሲል ግቢ፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴ፣ ቁስቋም፣ ጥምቀተ ባሕሩ፤ በቀን አንዳንዴ ሁለት ጊዜ የምዞረው መንገድ ነው። ታሪኩን አውቀዋለሁ። ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ከተማዋን ቆረቆሯት እላለሁ፣ ቀጥዬ ደግሞ መናገሻው በ«ገ» ዘር ፊደል የምትጀምር ቦታ ትሆናለች ተብሎ እንደተተነበየ፣ ጉዛራና ጎርጎራ ቀድመው እንደተሞከሩ፣ ንጉሡም ጎሽ ሲያድን እዚህ እንደደረሰ እናገራለሁ። እንግዳው ፈገግ ብሎ «ይኼ እውነት ነው?» ይለኛል። እኔ እደናገራለሁ። «ይባላል» እላለሁ፣ አፍራለሁም። ያ ማፈር ነበር ኮርሱን ያስፈለገኝ።

የመጀመሪያዎቹ ሰባት ሳምንታት ማር ናቸው። ይህን ስል ማጋነን አይደለም። ቪዲዮዎቹ ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ደቂቃ ናቸው፣ ጽሑፉን ለብቻው ማውረድ ይቻላል፣ ስለዚህ መብራት ቢሄድም ኔትወርክ ቢጠፋም ማንበብ አያቆምም። እኔ ሌሊት ፓኬጅ ሲረክስ አወርድና ጠዋት እንግዳ እስኪመጣ አጥር ሥር ተቀምጬ አየው ነበር። የአማርኛ ትርጉም ከታች የለውም፣ እንግሊዝኛው ግን ቀለል ያለ ነው።

በመጀመሪያው ሳምንት ሦስቱን ነገሮች ለዩልን። የፍጥረትን አመጣጥ የሚያስረዳው፣ እኛ ዘንድ ምሁራን ሐተታ ተፈጥሮ የሚሉት፣ አንድ ነው። በታወቀ ቦታና በታወቀ ሰው ላይ ተመሥርቶ እንደ እውነት የሚነገረው አፈታሪክ ሌላ ነው። «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ተብሎ የሚጀመረው፣ ተናጋሪውም ሰሚውም ልብ ወለድ መሆኑን የሚያውቀው ደግሞ ሦስተኛው ነው። ለእኔ ይህ ብቻውን ገንዘቡን አወጣ። አሁን በደብረ ብርሃን ሥላሴ በር ላይ ቆሜ፣ በ1880 ዓ.ም. ደርቡሾች የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት ሲያቃጥሉ ይህችን ንብ ወጥታ እንዳዳነቻት ስናገር፣ «ይህ አፈታሪክ ነው፣ ሕዝቡ ስለዚህች ቤተ ክርስቲያን ምን እንደሚያምን የሚነግራችሁ ነው» እላለሁ። አላፍርም። እንግዳውም ቀና ብሎ በጣሪያው ላይ ያሉትን የመላእክት ፊቶች ሲያይ ዝም ይላል።

ሦስተኛው ሳምንት ስለ ጊልጋሜሽ፣ ስለ ጥንታዊው የመስጴጦምያ ንጉሥ ታሪክ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1872 ጆርጅ ስሚዝ የሚባል ሰው ከነነዌ በመጣ የሸክላ ጽላት ላይ የጥፋት ውኃን ታሪክ አነበበ፤ ከኖኅ ታሪክ ጋር ያለው መመሳሰል ዓለምን አስደነቀ። ከዚያ ታሪክ ውስጥ ግን እኔ ላይ የቀረው ሌላ ነገር ነው። ጊልጋሜሽ የማይሞትበትን ሕይወት ፍለጋ ዓለም ጫፍ ድረስ ይሄዳል። ከጥፋት ውኃ የተረፈው ሽማግሌ «እስቲ መጀመሪያ ስድስት ቀንና ሰባት ሌሊት ሳትተኛ ቆይ» ይለዋል። ቁጭ እንዳለ እንቅልፍ ይጥለዋል። ሽማግሌው ሚስቱን በየቀኑ አንድ ዳቦ ጋግረሽ ራስጌው አስቀምጪ ይላታል፣ ሲነቃ «አልተኛሁም» ማለቱ አይቀርምና። እንዳለውም ሆነ። ጊልጋሜሽ ሲነቃ አሁን ገና ሸለብ አደረገኝ አለ። ዳቦዎቹን ቆጠሩለት። የመጀመሪያው ደርቆ ነበር፣ አምስተኛው ሻግቶ፣ ሰባተኛው ገና ፍም ላይ። ይህን ዳቦ አስታውሱልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ስድስተኛው ሳምንት የብልጣ ብልጦች ነበር። ከጋናው የአሻንቲ ሕዝብ ሸረሪቱ አናንሲ መጣ። እኔ ደግሞ ለቤት ሥራው አለቃ ገብረ ሐናን አመጣሁ። እዚህ ላይ ስለ ጎረቤቴ ስለ እማሆይ መናገር አለብኝ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቡና እሳቸው ቤት ነው የምንጠጣው፣ እኔም በዚያ ሳምንት የተማርኩትን አወራቸው ነበር። የአለቃን ቀልዶች ስደረድርላቸው ሳቁና ቆይተው ቆጣ አሉ።

«አንቺ ልጅ፣ ቀልዳቸውን ብቻ ነው እንዴ የምትጽፊላቸው? እሳቸው እኮ የበዓታ አለቃ ናቸው። የተክሌ አቋቋም፣ ይህ የማኅሌቱ ሽብሸባ፣ ከማን የመጣ ይመስልሻል? ጨምሪበት።»

ጨመርኩበት። ገምጋሚዎቹ ከሁሉ የወደዱት ያንኑ አንቀጽ ሆነ፤ ሊቅም ቀልደኛም መሆን በአንድ ሰው ላይ እንዴት እንደሚገናኝ።

እንግዲህ ስምንተኛው ሳምንት መጣ።

ጥፋቱ ከኮርሱም ከእኔም ነው። ከኮርሱ በኩል፣ ቪዲዮዎቹ ድንገት ረዘሙ። አሥር ደቂቃ የነበረው አርባ ደቂቃ ሆነ። ንባቡ ከእጥፍ በላይ ጨመረ። እስከዚያ ድረስ በየሳምንቱ አጭር ጥያቄ ይመጣ ነበር፣ ሠርተህ ወዲያው ውጤት ታያለህ፤ ከስምንት በኋላ ጥያቄው ቀርቶ ሁሉም ነገር ወደ መጨረሻው ጽሑፍ ተገፋ። የምትደርስበት ነገር ሩቅ ሲሆን፣ በመንገድ ላይ ደግሞ «ጎበዝ፣ ደረስሽ» የሚል ከሌለ፣ ሰው ይደክማል። አስተማሪዎቹም ጠፉ። መጀመሪያ ላይ በየሳምንቱ መልእክት ይልኩ ነበር፣ ከሰባተኛው በኋላ አንድም አልመጣም። ልክ ትምህርቱ በከበደበት ቦታ ላይ ብቻችንን ጥለውን መሄዳቸው አሁንም ያናድደኛል።

ከእኔ በኩል ደግሞ ቀን ቆጠራውን ሳላይ ነው የገባሁት። ኅዳር 8 ጀመርኩ። ስምንተኛው ሳምንት ታኅሣሥ 27 ገባ፣ በሁለተኛው ቀን ገና። አሥረኛው ሳምንት የሚከፈተው ጥር 11 ቀን ነው! ጎንደር ውስጥ አስጎብኚ ሆኖ በጥምቀት ቀን ኮርስ የሚከፍት ሰው የለም። ታቦታቱ ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ሲወርዱ፣ ከተማው ሁሉ ነጭ ለብሶ ሲወጣ፣ እኔ ከሌሊቱ ጀምሮ በእግሬ ነኝ። ማታ ቤት ስገባ ጫማዬን ማውለቅ እንኳ ያቅተኛል።

አብራኝ የተመዘገበች ጓደኛዬ ከስድስተኛው ሳምንት በኋላ ተወችው። ይህም አደከመኝ። ማታ ማታ እየደወልን «አየሽው?» ስንባባል ነበር የምንማረው።

እኔ ግን ትቼዋለሁ አላልኩም። ሰው ሲጠይቀኝ «እየተማርኩ ነው፣ ትንሽ ቀርቶኛል» እል ነበር። ለራሴም እንዲሁ። ጥር 20 አካባቢ እሑድ ቡና ላይ እማሆይ «ትምህርቱስ?» አሉኝ። «እየጨረስኩ ነው» አልኳቸው። ዝም ብለው ሁለተኛውን ስኒ ቀዱልኝና እንዲህ አሉኝ፦

«ያ የነገርሽኝ ንጉሥ ተኝቶ አልተኛሁም አለ፣ ዳቦው መሰከረበት። የአንቺስ ዳቦ የት አለ?»

መልስ አልነበረኝም። ቤት ገብቼ ኮርሱን ከፈትኩ። ለመጨረሻ ጊዜ የገባሁበት ቀን ላይ ተጽፏል። አሥራ ዘጠኝ ቀን አልፏል። አሥራ ዘጠኝ ቀን ሙሉ «እየተማርኩ ነው» ስል ኖሬአለሁ። በዚያ ሌሊት ደንግጬ እንዳለቀስኩ ብነግራችሁ አላፍርም፤ ትምህርቱን ከልቤ ነበር የወደድኩት።

ከዚያ በኋላ ምን እንዳደረግኩ ልጻፍ፣ ይህን ነው ብዙዎቻችሁ የጠየቃችሁኝ።

መጀመሪያ ያደረግኩት ነገር አልሠራም። ሰርተፍኬቱን ቀድሜ ከፈልኩ፣ ገንዘቡ ይገፋኛል ብዬ። 49 ዶላር ነበር፣ የእኔ ካርድ ስላልሠራ ውጭ ያለች የአክስቴ ልጅ ከፈለችልኝ። ገንዘቡ አልገፋኝም፣ ጭንቀት ብቻ ጨመረብኝ። ሁለተኛ፣ ቅዳሜ ሙሉ ቀን ቁጭ ብዬ እጨርሰዋለሁ አልኩ። ከሰዓት በኋላ ራሴን አሞኝ ዘጋሁት፣ ቀጣዩን ቅዳሜ ለመክፈት ፈራሁ።

የሠራው ዳቦው ነው። ደብተር ገዛሁ። በተማርኩበት ቀን ሁሉ ቀኑን፣ ያየሁትን፣ ከእሱም ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር እጽፋለሁ። ሃያ ደቂቃ ይበቃል። ያልተማርኩበት ቀን ባዶ ይቀራል፣ አልሞላውም። እሑድ እሑድ ደብተሩን ይዤ እማሆይ ዘንድ እሄዳለሁ። እሳቸው ማንበብ የሚችሉት ዳዊት ነው፣ የእኔን እንግሊዝኛ የተቀላቀለበት ጽሑፍ አያነቡም፤ ግን ገጹን ገልጠው ባዶውን መስመር በጣታቸው ይነካሉ። «ይቺስ ቀን?» ይላሉ። በቃ። ቁጣም ስድብም የለም። አንድ የሚጠብቅህ ሰው ካለ፣ የሚጠብቅህም ውጤትህን ሳይሆን ታሪኩን ከሆነ፣ መማር ቀላል ይሆናል። ተረት ሰሚ ይፈልጋል አይደል? አያቴ እኛ ልጆቹ ካንቀላፋን መናገር ታቆም ነበር። ኮርሱ ያልገባው ይህ ይመስለኛል። ስለ ተረት እያስተማረ ብቻህን ስክሪን ፊት ያስቀምጥሃል።

ለእማሆይ ለመንገር ስል ስምንተኛውን ሳምንት እንደገና አየሁት፣ ያን ጊዜ ነው ምን ያህል ግሩም እንደሆነ የገባኝ። ርዕሱ ወደ ሙታን ዓለም መውረድ ነበር። ከሱሜር ኢናና ትወርዳለች፣ በሰባት በሮች ታልፋለች፣ በየበሩ ከጌጧና ከልብሷ አንድ አንድ እየተቀበሏት። ከግሪክ ኦርፌዎስ ሚስቱን ፍለጋ ይወርዳል፣ በበገናው የሙታንን ጌታ ልብ ያራራል፣ ሚስቱን ይሰጡታል፣ አንድ ነገር ብቻ፤ ብርሃን እስኪደርሱ ወደ ኋላ እንዳታይ። ሊወጣ ጥቂት ሲቀረው ዞሮ አየ። እማሆይ ይህን ስነግራቸው ስኒውን አስቀመጡት። «አይ! ደርሶ!» አሉ። እኔም ስንት ጊዜ ደርሼ እንደዞርኩ አሰብኩ።

ሌላው የረዳኝ ነገር የመጨረሻውን ጽሑፍ መመሪያ ቀድሜ ማንበቤ ነው። አሥረኛው ሳምንት ላይ ነው ያለው፣ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ክፍት ነው፤ ማንም አይነግራችሁም። ከምትኖሩበት ቦታ አንድ ታሪክ ወስዳችሁ ከሌላ ሁለት አገር ታሪክ ጋር አነጻጽሩ ይላል። ይህን በመጀመሪያው ሳምንት አውቄ ቢሆን ኖሮ አሥሩንም ሳምንት እየለቀምኩ እመጣ ነበር። እባካችሁ ከገባችሁ በመጀመሪያው ማታ ክፈቱት።

እኔ የመረጥኩት «በሬ ወለደ»ን ነው። አያቴ እንዲህ ትነግረን ነበር፦ አያ አንበሳ በሬ አለው፣ አያ ጅቦ ላም አለችው። ላሚቱ ሌሊት ወለደች። አያ አንበሳ ጥጃውን ወስዶ ከበሬው ጎን አቆመና «በሬዬ ወለደ» አለ። አራዊት ሁሉ ለዳኝነት ተሰበሰቡ፣ ፈርተው «አዎ፣ በሬ ይወልዳል» አሉ። እመት ጦጢት ብቻ ዘገየች። የት ቆየሽ ስትባል «ሰማይና ምድር ተቀዶ ስሰፋ ነው የቆየሁት» አለች። አያ አንበሳ ተቆጣ፣ «ሰማይና ምድር ይሰፋል እንዴ?» «በሬስ ይወልዳል እንዴ?»

እኛ «በሬ ወለደ» የምንለው ውሸት ሲበዛብን ነው፣ ከየት እንደመጣ ብዙም አናስብም። ኮርሱ ስለ ተረት ዓይነቶች መዘርዝር ያስተምራል፤ እ.ኤ.አ. በ1910 ፊንላንዳዊው አርኔ ጀመረው፣ አሜሪካዊው ቶምሰን አሰፋው፣ በ2004 ደግሞ ጀርመናዊው ዑተር አደሰው፤ የዓለም ተረቶች በቁጥር የተደረደሩበት ነው። እዚያ ውስጥ ስፈልግ የእኛን በሬ ዘመዶች አገኘሁ። ሕንድ ውስጥ የዘይት መጭመቂያው ውርንጭላ ወለደ ይባላል፣ ቀበሮ ትመጣና ባሕር ሲቃጠል አይቼ ነው የዘገየሁት ትላለች። ሩሲያ ውስጥ ደግሞ የሀብታሙ ወንድም ጋሪ የድሃውን ፈረስ ውርንጭላ ወለደ ይባላል፣ የሰባት ዓመት ልጅ ናት ንጉሡን የምትረታው፤ አባቴ ደረቅ መሬት ላይ ዓሣ እያጠመደ ነው ትለዋለች። ይህን ባገኘሁበት ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። አያቴ ከጎንደር ወጥታ አታውቅም። ተረቷ ግን ሕንድና ሩሲያ ውስጥ ዘመድ አለው። ጉልበተኛን በግልጽ ውሸታም ማለት የማይቻልበት አገር ሁሉ አንዲት ጦጢት አለችው።

ከዚያ ወዲያ የሚገፋኝ አላስፈለገኝም። ዘጠነኛውን ሳምንት፣ ስለ ዓለም ፍጻሜ የሚያስተምረውን፣ በአራት ቀን ጨረስኩ። በነገራችን ላይ ይሄኛው ሳምንት ደካማ ነው፣ ራግናሮክ በሚባለው የሰሜን አውሮፓውያን የፍጻሜ ታሪክ ላይ ብቻ ተጣብቆ ቀረ፣ ቢያልፋችሁም ብዙ አይጎዳችሁም።

የቀሩኝን ቅሬታዎች ልጨርስ። ኢትዮጵያ በአሥር ሳምንት ውስጥ ሁለት ጊዜ ነው የተነሣችው፣ ሁለቱም በግሪኮች አፍ። አንዱ ባለቅኔው ሆሜር አማልክቱ ወደ ኢትዮጵያውያን ግብዣ ሄዱ የሚለው፣ ሌላው አንድሮሜዳ የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት የሚለው። ያቺ የግሪኮች ኢትዮጵያ በትክክል የዛሬዋ አገራችን እንዳልሆነች እንኳ አላብራሩም። ስለ ዘንዶው አርዌ፣ ስለ ንግሥተ ሳባ፣ አንድ ቃል የለም። ሁለተኛ፣ የመጨረሻውን ጽሑፍ ሦስት ተማሪዎች መገምገም አለባቸው። ብዙው ሰው ትቶ ስለሄደ ሦስተኛ ገምጋሚ ጠፋ፤ ሦስት ሳምንት ጠበቅሁ። ለድጋፍ ክፍሉ ጻፍኩ፣ አንድ ዓይነት መልስ ሁለት ጊዜ መጣልኝ። ሥራውን የጨረሰ ሰው እንዲህ መንገላታት አልነበረበትም።

ያም ሆኖ ግቡ እላለሁ። ለአስጎብኚዎች፣ ለአማርኛ መምህራን፣ ልጆቻቸውን ተረት እየነገሩ ማስተኛት ለሚፈልጉ ወላጆች በጣም ይጠቅማል። ለሰርተፍኬት ብቻ ከሆነ አይመከርም፣ በነጻ ማየት ይቻላል። ጾሙ፣ በዓሉ፣ የሥራችሁ ሩጫ የት እንደሚውል አይታችሁ ጀምሩ፤ ጎንደር ለምትኖሩ የጥምቀትን ሰሞን ባዶ አድርጉት። ብቻችሁንም አትግቡ። አብሯችሁ የሚመዘገብ ባይኖር እንኳ የሚሰማችሁ አንድ ሰው ፈልጉ። ቡና ሦስት ነው፤ አቦልና ቶና ጠጥቶ በረካ ሳይደርስ የሚነሣ ሰው ምርቃቱ ያመልጠዋል፣ የዚህም ኮርስ በረካው መጨረሻው ጽሑፍ ላይ ነው ያለው።

ባለፈው እሑድ ሰርተፍኬቱን በስልኬ ለእማሆይ አሳየኋቸው። መረቁኝ። የልጅ ልጆቻቸው መጥተው ነበር፣ እኔ ቡና ስወቅጥ እሳቸው ለልጆቹ ሲነግሩ ሰማሁ። «አንድ ንጉሥ ነበር፣ ሞትን እምቢ ያለ፣ ከአንድ ባሕታዊ ዘንድ ሄደ...» ጊልጋሜሽ ስሙ ጠፍቷል። ሽማግሌው ባሕታዊ ሆኗል፣ ዳቦው ድፎ ዳቦ ሆኖ በኮባ ቅጠል ተጋግሯል። ሰባተኛው ድፎ ጋ ሲደርሱ ትንሹ ልጅ «ከዚያስ? ከዚያስ?» እያለ ጉልበታቸውን ይነቀንቃል።